አፍንጫው ይሰምጣል

ባለፈው ሳምንት አሌክሳንድሪያ ውስጥ የቤት እንስሳት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ ነበር። ለልጄ ሃምስተር፣ ለዚያ አይጥ መሳይ እንስሳ፣ መተኛ የሚሆን የእንጨት ፍቅፋቂ ፈልጌ ነው። አንዱ ከረጢት ጎኑ ተቀዶ ኖሮ ገና መደርደሪያው ጋ ሳልደርስ ሽታው ቀድሞ አገኘኝ። ፈረንጆቹ ሲዳር ይሉታል። አባቴ ግን "ጥድ ነው፣ ሌላ ስም አያስፈልገውም" ይል ነበር። ከረጢቱን ሳልነካ ጋሪዬን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ሃምስተሩ እስከ ዛሬ በተቀደደ ጋዜጣ ላይ ይተኛል።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍቱ ሁሌ በተበላሸበት ሕንፃ ውስጥ እንኖራለን። አባቴ በየሰው ማድ ቤት ካቢኔት የሚገጥም አናጢ ነው። በዚያ ዓመት ጁላይ ላይ ደረቱን አንቆ ያዘውና ሆስፒታል ገባ። ልቡ ውስጥ የጠበበውን የደም መንገድ ከፍታ የምትይዝ ትንሽ ሽቦ ተከተተችለት። ሽቦ የሚለውን ቃል ስሰማ እኔ የማስበው ወረቀት የምናያይዝባትን ነበር። እንዲህ ያለች ቀጭን ነገር አባቴን የሚያህል ሰው ይዛ ታቆማለች ብሎ ማመን ከባድ ነው። ወልቃ እንዳትወድቅ ብዬ ሲያስነጥሰው እንኳ እፈራ ነበር።

ሐኪሙ ሥራ ከለከለው፤ ዕቃ ማንሳትም ከለከለው። ሥራ የለመደ ሰው ቤት ሲውል ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። አባቴ በቀን ሦስት ጊዜ የማድ ቤታችንን መዝጊያዎች ማጠፊያ ያጠብቅ ጀመር። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይውላል። እዚያ ተቀምጦ ነው ሚስተር ዴል ያገኙት። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከቧንቧ ሥራ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ከታላቁ ፏፏቴ ብዙ ወደ ላይ፣ እህታቸው ግቢ ውስጥ የቆርቆሮ ጀልባ አላቸው። ትከሻቸው ስለታመመ በማጥመጃ ዘንግ ክር መወርወር አይችሉም። አባቴም አልተፈቀደለትም። ሁለት መወርወር የማይችሉ ሰዎች ዓሣ ሊያጠምዱ ሲስማሙ ወርዋሪ ያስፈልጋቸው ነበርና እኔን ወሰዱኝ።

የሚፈልጉት ዓሣ መስኪ ይባላል። ቁመቱ ከወገቤ ያልፋል፣ አፉ የዳክዬ ነው፣ ጥርሱ የውሻ። ትል ብትሰጪው ዞር ብሎም አያይሽም። የሚታለለው በእንጨት ዓሣ ነው። ስንዝር የሚያልፍ እንጨት፣ ሆዱ ውስጥ እርሳስ ቀልጦ የፈሰሰበት፣ ከሥሩ ሁለት መንጠቆ የተንጠለጠለበት። ይህ እንጨት በራሱ ምንም አያውቅም። ዝም ብለሽ ብትስቢው ጉቶ ሆኖ ይመጣል። የዘንጉን ጫፍ ወደ ውሃው አዘንብለሽ፣ በእጅ አንጓሽ አጭር ምት ትሰጪዋለሽ፤ ወዲያው ክሩን ታላያለሽ። ያን ጊዜ ወደ ግራ ይንሸራተታል። ሌላ ምት፣ ሌላ ማላላት፤ ወደ ቀኝ። ምቱ ይቀሰቅሰዋል እንጂ የሚያስኬደው መላላቱ ነው። ሚስተር ዴል ይህን ለአባቴ አንድ ጊዜ ነገሩት፤ አባቴ ለእኔ መቶ ጊዜ ነገረኝ። እኔ ግን መጎተት እንጂ መልቀቅ አልሆነልኝም።

አባቴ በሽማግሌው ሳጥን ውስጥ ያሉትን የእንጨት ዓሣዎች አይቶ አንድ ሳምንት አልቆየም፤ በረንዳችንን ዎርክሾፕ አደረገው። ከሥራው የተረፈ የጥድ ቁራጭ ነበረው። በሞረድ ያቃናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ሆዱን ይበሳል፣ እርሳስ ያፈስበታል፣ ቫርኒሽ ይቀባል። ቤቱ በሙሉ ጥድ ጥድ ይሸታል። "ተሾመ ይሄን ቢያይ ያብድ ነበር" ይላል ሁሌ። ተሾመ ታናሽ ወንድሙ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ዳር አብረው አድገዋል፤ አብረው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አጥምደዋል። ተሾመ አምስት ዓመቱ ላይ ክሩን በእግሩ አውራ ጣት አስሮ አሸዋ ላይ እንቅልፍ ይወስደው እንደነበርና አንድ ቀን ዓሣው እየጎተተ እንደቀሰቀሰው ስንት ጊዜ እንደነገረኝ አልቆጥረውም። በየሳምንቱ ይደዋወላሉ።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው እናቴ የታጠበ ልብስ መልሳ ስታጥብ አገኘኋት። የሕንፃው ምድር ቤት ውስጥ ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሦስት ማድረቂያ በአንድ ጊዜ አስነስታ፣ በጩኸታቸው ተከልላ፣ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ታለቅሳለች። አባቴ ሊሞት ነው ብዬ አሰብኩ። ሳመችኝና አስቀመጠችኝ።

"ስሚኝ ማሂ። ጋሼ ተሾመ ሞቷል። የመኪና አክሲደንት ነው። ተቀብሯል።"

"አባዬ ያውቃል?"

"አያውቅም፣ እንዳያውቅም። ዶክተሩ ምንም ስትረስ እንዳይነካው ብሏል። ኖቬምበር ላይ አፖይንትመንት አለው። እሱ ይለፍና ጋሽ በላቸው ሽማግሌ ይዘው መጥተው በወጉ ያረዱታል። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።"

"ብነግረውስ?"

"ልቡ ላይ ያለችው ሽቦ ገና አልያዘችም" አለችኝ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ አላስፈለገኝም። ቃሉ ከአፌ ከወጣ ሽቦዋ ተስፈንጥራ ትወጣለች፣ አባቴም ዓይኔ እያየ ይወድቃል ብዬ አመንኩ። ያን ጊዜ ለቃል ያለኝ ፍርሃት ለእባብ እንኳ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ የማየው ሁሉ ጉድ ነበር። እናቴ፣ እሑድ ቅዳሴ ያመለጣት እኔን የወለደች ዕለት ብቻ ነው የምትባል ሴት፣ በሰንበት ማለዳ ሳንድዊች ጠቅልላ ባሏን ወደ ወንዝ ትሸኝ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ከሄደ አንዱ "እግዜር ያጥናህ" ይለዋላ! "ንጹሕ አየር ይሻልሃል" ትለዋለች። ፌስቡኩን "ኒውስ ለልብህ ጥሩ አይደለም" ብላ ከስልኩ አጠፋችው። ተሾመ ደግሞ ኔትወርክ የሌለበት የመንገድ ፕሮጀክት ላይ ተመድቧል ተባለ፤ አልፎ አልፎ ከተማ ሲገባ አዲስ አበባ ላለችው ለእናቴ እህት ለእትዬ አልማዝ ይደውላል ተባለ። የአባቴ ጓደኛ ጋሽ በላቸው ከአሌክሳንድሪያ ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ፣ ከአባቴ ጋር እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ቆመው በመሐረብ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ትልልቅ ሰዎች ይህን ያህል መዋሸት ይችላሉ ብሎ ማን ነግሮኝ? እኔ ስለ ቤት ሥራዬ ስዋሽ እኮ አፌ ላይ በርበሬ ይጨመር ነበር።

በሴፕቴምበር አባቴ እስከዚያ ከሠራቸው ሁሉ የሚያምረውን የእንጨት ዓሣ ካልሲ ውስጥ ከተተና ወደ አዲስ አበባ ለምትሄድ የእናቴ የሥራ ባልደረባ አደራ ሰጠ። ለተሾመ ነው። ሴትዮዋ ነገሩን ታውቃለችና አንገቷን ደፍታ ተቀበለች፤ በማግስቱ ሥራ ቦታ ለእናቴ መለሰችላት። እናቴም እኔን "ደብቂው" አለችኝ። የበረዶ ጫማዬ ውስጥ ደበቅኩት።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ እራት ላይ አባቴ ጠየቀ።

"ዕቃው ደረሰው?"

"ደርሶታል። በጣም ደስ ብሎታል ብላለች አልማዝ።"

"ዝዋይ ወርዶ ሞከረው?"

"ሞክሮታል።"

"እና? እንዴት ነው አካሄዱ?"

እናቴ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። ስለ እንጨት ዓሣ አካሄድ ምን ታውቃለች? ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። "አልማዝን ያናገረቻት ማሂ ናት፣ እሷን ጠይቃት" አለች።

እኔ ደግሞ አካሄድ አውቃለሁ። በሳምንት ስድስት ሰዓት እሱን ነው የምሰማው። "አፍንጫው ይሰምጣል አለ" አልኩ።

ለምን ጥሩ ነው አላልኩም? እናቴም በኋላ መኝታ ቤቴ ገብታ በሹክሹክታ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። ትልቅ ሰው ዝም ብሎ ሲያመሰግን አይቼ አላውቅም፤ ጥሩ ነው ብል አያምነኝም ብዬ ነው አልኳት። ይህ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ አባቴ ደህና የሚሆነው ሲጠርብ ብቻ ነበር። እንከን ካለ ሌላ ይጠርባል።

የሆነውም ይኸው ነው። አባቴ ሳህኑን ገፋ አድርጎ ሳቀ። "ይሄ ዓይን! ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው። እኔ ያላየሁትን አየ!" አለ። ያን ያህል ደስ ብሎት ያየሁት ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። እናቴ ውሃ ለማምጣት ተነስታ ማድ ቤት ቆየች።

በማግስቱ ነገሩን ደረሰበት። ፖቶማክ ቀዝቃዛ ነው፤ ዝዋይ ሞቅ ያለ ነው። ሞቅ ያለ ውሃ እንጨት አይሸከምም ማለት ነው! ስለዚህ የመታጠቢያ ገንዳችንን ዝዋይ አደረገው። የሞቀ ውሃ ይሞላል፣ እኔ ሽንት ቤቱ ክዳን ላይ ተቀምጬ ቴርሞሜትር እይዛለሁ፣ እሱ ተንበርክኮ እንጨቱን ውሃው ላይ ያኖራል። ጉንጩን ገንዳው ጠርዝ ላይ አስደግፎ አፍንጫና ጭራው እኩል መሆኑን በአንድ ዓይኑ ያያል። "እስኪ አስጠይቂልኝ" ይለኛል፣ "የሚሰምጠው ሲቆም ነው ወይስ ሲመታ?"

በሁለተኛው ቀን "ሲቆም ነው አለ" እለዋለሁ።

"አሃ! እንግዲያው እርሳሱን ወደ ኋላ ማሸሽ ነው።" ይበሳል፣ ያፈሳል፣ ይመዝናል፣ ይጥላል። ሌላ ይጀምራል። ጉልበቱ ላይ የገንዳው ምንጣፍ ታትሞ ይነሳል።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው እያደር ይከብድ ነበር። አጎቴ በሕይወት ሳለ በስልክ ከ"ደህና ነሽ?" ሌላ አላለኝም፤ አሁን ግን በየሁለት ቀኑ በአፌ ይናገራል። አንዳንዴ ይቆጣል፣ አንዳንዴ ያሾፋል። "ወንድሜ እርጅና መጣበት እንዴ በሉት" ብሏል ብዬ አባቴን ከት ብሎ እስኪስቅ አሳቅኩት። ከዚያ ተኝቼ አለቅሳለሁ። ሆዴን ያመኝ ጀመር። የትምህርት ቤቱ ነርስ ብስኩት እየሰጠች መለሰችኝ፤ ቤት ውስጥ ስለ እኔ ሆድ የሚያስብ ሰው አልነበረም። ይህን በምሬት ነው የምጽፈው፣ ምሬት ነውና። ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት የሚለውን ተረት እናቴ አጥታው አይደለም።

ወንዙም ላይ ቢሆን አልተሳካልኝም። "ልጅቷ ክሩን አንቃ ይዛዋለች" ይላሉ ሚስተር ዴል። "ማሂ፣ ለቀቅ! ለቀቅ አድርጊው!" ይላል አባቴ ከኋላዬ። ቅጠሉ ውሃው ላይ ቀይና ቢጫ ሆኖ ይወርዳል፤ ጣቶቼ ደንዝዘዋል፤ እኔ ግን እጎትታለሁ። ከለቀቅኩ ሌላም ነገር አብሮ የሚያመልጠኝ ይመስለኝ ነበር።

ኖቬምበር አጋማሽ ላይ፣ ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አባቴ አምስተኛውን አመጣ። ሚስተር ዴል ጀልባው ጎን ውሃው ላይ አኖሩትና ለረጅም ጊዜ አዩት። አልተንጋደደም፣ አፍንጫውም አልወረደም። እንዲህ ያለ ሚዛን ያለው እንጨት በዕድሜያቸው ሁለት ጊዜ አይቻለሁ አሉ። አባቴ እንደ ሕፃን አፈረ።

ወረወርኩ። መታሁ፣ ለቀቅኩ። ሄደ። ወደ ግራ ሰፊ መንገድ ሄደና ቆመ። መታሁ፣ ለቀቅኩ፤ ወደ ቀኝ። እጄ ውስጥ ምንም ክብደት አልነበረም፤ ከሩቅ ሆኜ አንድ ሕይወት ያለው ነገር የማናግር መሰለኝ። ለምን በዚያን ቀን እንደሆነልኝ አላውቅም። የማውቀው ለጥቂት ደቂቃ ሁሉንም መርሳቴን ነው። ተሾመን ረሳሁት፣ ሽቦዋን ረሳኋት፣ ደስ አለኝ። ለዚያ ደስታ ራሴን ይቅር ለማለት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ከእንጨቱ ኋላ ረጅም ጥላ ተነሳ። ጀልባው ድረስ ተከተለው። "አታቁሚ! ስምንት ቁጥር ጻፊ!" አሉ ሚስተር ዴል። የዘንጉን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክሬ ትልቅ ስምንት ጻፍኩ፤ በሁለተኛው ዙር ላይ ውሃው ፈነዳ። እንዴት መረቡ ውስጥ እንደገባ አላስታውስም። አባቴ ሁለት እጁን አፉ ላይ ጭኖ ይስቅ እንደነበር፣ እኔም ዓሣውን ትቼ ደረቱን አይ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሚስተር ዴል ዓሣውን ከነመረቡ ውሃው ውስጥ ይዘው ፎቶ አነሱንና ለቀቁት፤ እዚያ ወንዝ መስኪ አጥማጆች ይለቁታል እንጂ አይበሉትም።

ሽማግሌው መኪናውን ሊያመጡ ሲሄዱ እኔና አባቴ ጀልባ የሚወርድበት ሲሚንቶ ላይ ቀረን። እንጨቱ ላይ የዓሣው ጥርስ ነክሶ የሄደበት ቦታ በመስመር ይታያል። አባቴ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

"ይሄን ቫርኒሽ አልቀባውም። ተሾመ ጥርሱን ይየው፣ አለዚያ አያምነኝም" አለ። ስልኩን ሰጠኝ። "ፎቶውን ለአልማዝ ላኪላት። ታሳየው። አሁን አፍንጫው አይሰምጥም በይልኝ።"

ስልኩን ያዝኩ። የአክስቴን ስም አገኘሁ። ፎቶውን መረጥኩ። መላኪያውን ግን አልተጫንኩም። እሱ "ኔትወርክ የለም እንዴ?" አለኝ።

"ሂ ኢዝ ዴድ" አልኩ። ሞቷል የሚለው በአማርኛ አልወጣልኝም።

"ማን?"

"ጋሼ ተሾመ።"

ፊቱን አላየሁም፤ የማየው ደረቱን ነበር። እስኪወድቅ ጠበቅኩ። አልወደቀም። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"መቼ?"

"ትምህርት ቤት ሳይከፈት። በመኪና።"

 አባቴ እንጨቱን አገላበጠው።

"አፍንጫው ይሰምጣል ያለው ታዲያ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ሲቆም ነው የሚሰምጠው ያለውስ?"

"እኔ።"

"እርጅና መጣበት ያለኝስ?"

"እኔ ነኝ አባዬ።"

በእያንዳንዱ መልስ ራሱን ይነቀንቃል፣ የሥራ ልክ እንደሚነገረው ሰው። አልተቆጣኝም። የሚስተር ዴል መኪና ሲመጣ ተነሳና ጀልባውን አብሮ ጎተተ፤ ሐኪሙ የከለከለውን ሁሉ አደረገ፤ ማንም አላስቆመውም። ቤት ልንደርስ ስንል በጆሮዬ "ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ብዙ ደክመውበታል፤ በወጉ ያርዱኝ" አለኝ።

ከዚያ የነበሩትን ሁለት ሳምንታት መናገር እጠላለሁ። አባቴ እራት ላይ "ተሾመ ደወለ?" ይላል። እናቴ "ደውሏል፣ ሰላም ብሏችኋል" ትላለች። እሱ "እግዜር ይመስገን" ብሎ ይጎርሳል። ሁለቱም ይዋሻሉ፣ ሁለቱም ለሌላው ብለው ነው፤ መካከል ላይ ሁለቱንም የማውቅ እኔ ተቀምጫለሁ። አባቴ በረንዳው ላይ መውጣት ተወ። ማታ ማታ የመታጠቢያ ቤቱን ውሃ ከፍቶ ይቆያል።

የሐኪሙ ቀጠሮ አለፈ፤ ልቡ ደህና ነው ተባለ። በቅዳሜው ገና ጎሕ ሲቀድ ጋሽ በላቸው፣ የነፍስ አባታችንና አራት ጎልማሶች ደረጃውን በዝምታ ወጡ። እናቴ ጥቁር ለብሳ በሩን ከፈተች። አባቴን ከአልጋው አስነስተው መሐል አስቀመጡት፤ ሁለቱ ጎልማሶች ግራና ቀኝ ያዙት። "በርታ፣ ወንድ ልጅ ነህ" አሉት ጋሽ በላቸው፣ "ወንድምህ ተሾመ አርፏል።"

እንዴት እንደሚያስመስል ለማየት ነበር በር ላይ የቆምኩት። አባቴ ግን ከወንበሩ ተፈናጥሮ ወለሉ ላይ ወደቀ። "ወንድሜን! ወንድሜን!" ያለበት ድምፅ የማላውቀው ሰው ድምፅ ነበር። ደረቱን እንዳይመታ አራት ሰው ታገለው። አንዳችም ማስመሰል አልነበረበትም። ለካ ሰው እስኪፈቅዱለት ድረስ ለቅሶውን ይዞ ነው የከረመው። እናቴ መጥታ ጭንቅላቴን ሆዷ ላይ ለጥፋ ያዘችኝ። "አይዞሽ፣ አለፈ። ልቡም ቻለው። አንቺም ጎበዝ ነሽ፣ ምስጢር ትችያለሽ" አለችኝ።

ሐዘንተኛው ቀነሰ፤ ፍራሹ ከወለሉ ተነሳ። አባቴ ለእናቴም ለጋሽ በላቸውም ቂም አልያዘም። የእነሱ ውሸት ወግ ነው፤ የእሱንም አባት ሞት እንዲሁ አቆይተው ነው ያረዱት። የኔን ግን የሚያኖርበት ቦታ አላገኘለትም። የሞተ ሰው አፍ ውስጥ ቃል የጨመርኩ፣ ያንንም ያሳመርኩ እኔ ብቻ ነኝ። ይምታኝ ብዬ ተመኘሁ፤ እሱ ግን ከበፊቱ የበለጠ ይስመኝ ጀመር።

ዲሴምበር ውስጥ አንድ ቀን በረዶ ጥሎ አደረ። ከት/ቤት የመጣውን መልእክት አይቼ ወደ ሳሎን ሮጥኩ። "አባዬ፣ ዛሬ ትምህርት የለም፣ ዘግተውታል" አልኩት። "እሺ የኔ ልጅ" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ ማድ ቤት ገባና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እናቴን ጠየቃት።

"ማሂ ትምህርት የለም ትላለች። እውነት ነው?"